ቪቶልድ ጎምብሮቪች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንባቢዎች ስለዚህ ፖላንዳዊ ደራሲ ሕይወትና ሥራ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነሆ፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ጎምብሮቪች ማን ነው?

ከ1904 እስከ 1969 የኖረ ፖላንዳዊ የልብ ወለድና የተውኔት ደራሲ ነው። በስሙ ያሳተማቸው ልብ ወለዶች አራት ብቻ ናቸው፦ «ፌርዲዱርኬ» በ1937፣ «ትራንስ አትላንቲክ» በ1953፣ «ፖርኖግራፊያ» በ1960፣ «ኮስሞስ» በ1965። በ1939 ደግሞ በብዕር ስም ለጋዜጣ በተከታታይ የጻፈው አንድ አስፈሪ ታሪክ አለ፤ ለገንዘብ የጻፈው ስለነበር ለረጅም ዘመን ልጄ ነው ብሎ አላወቀውም፤ የራሱ መሆኑን ያመነው ሊሞት ጥቂት ሲቀረው ነው። ሦስት ተውኔቶችና አንድ የአጫጭር ልብ ወለዶች መድብልም አለው። ብዙዎች ግን ከሁሉ የሚያስበልጡት ከ1953 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ያሳተመውን ማስታወሻ ነው፤ እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ።

ስሙ እንዴት ይነበባል?

ቪቶልድ ጎምብሮቪች። በፖላንድኛ ፊደል ሲጻፍ «ቪ» የሚለው ድምፅ ሌሎች አውሮፓውያን «ዊ» ብለው በሚያነቡት ፊደል ይጻፋል። ስለዚህ «ዊቶልድ ጎምብሮዊች» የሚል ጽሑፍ ቢያጋጥምዎ ሰውየው ያው ነው። በአርጀንቲና ጓደኞቹ «ቪቶልዶ» ይሉት ነበር።

ከምን ዓይነት ቤተሰብ ተወለደ?

ኦገስት 4 ቀን 1904 ማዎሺትሴ በምትባል የገጠር ርስት ተወለደ። ቦታው ከኦፓቱፍ ከተማ አጠገብ ሲሆን በዚያን ጊዜ በሩሲያ ዛር ግዛት ሥር ነበር። ቤተሰቡ ከሊትዌኒያ የመጡ ባላባቶች ናቸው፤ ከ1863ቱ የፖላንዶች ዐመፅ በኋላ መሬታቸውን ተነጥቀው ነው ወደ መካከለኛው ፖላንድ የወረዱት። አባቱ ባለርስትም የፋብሪካ ሰውም ነበር። ቪቶልድ ከአራት ልጆች የመጨረሻው ነው።

በ1911 ወደ ዋርሶ ተዛወሩ። ትምህርቱን የባላባት ልጆች በሚማሩበት የካቶሊክ ትምህርት ቤት ጨርሶ፣ በአባቱ ፍላጎት ሕግ አጠና፤ አንድ ዓመት ያህል ደግሞ ፓሪስ ቆይቶ መጣ። በዋርሶ ፍርድ ቤት ለልምምድ ሲሠራ በጎን ይጽፍ ነበር። በ1933 የወጣው የመጀመሪያ መጽሐፉ ርእስ «የጉርምስና ዘመን ማስታወሻ» የሚል ነበር። ተቺዎቹም ርእሱን እንደ ኑዛዜ ቆጥረው «ገና አልበሰለም» አሉት። ይህ ስድብ ነው ቀጣዩን መጽሐፍ የወለደው።

የ«ፌርዲዱርኬ» ታሪክ ምንድን ነው?

ዩዚዮ የሠላሳ ዓመት ሰው ነው። መጽሐፍ አሳትሟል፤ ዘመድ አዝማዱ ግን መቼ ሰው እንደሚሆን ይጠብቃል። አንድ ጠዋት ፒምኮ የሚባል ሽማግሌ ፕሮፌሰር ቤቱ ይመጣና ወንበር ስቦ ተቀምጦ እንደ ተማሪ ይፈትነው ይጀምራል። ከዚያ እጁን ይዞ ትምህርት ቤት ያስገባዋል። ዩዚዮ «እኔ እኮ ትልቅ ሰው ነኝ» ለማለት አንደበቱ አይታዘዝለትም። ትምህርት ቤቱም አይደነግጥም፤ ወንበር ይሰጠዋል።

ከመጽሐፉ አንድ ትዕይንት ብቻ አንብቡ ብባል የምመርጠው የሥነ ጽሑፉን ክፍለ ጊዜ ነው። መምህሩ ስዎቫትስኪ የተባለው ታላቅ የፖላንድ ገጣሚ ለምን እንደሚወደድ ያስተምራል፤ የሚወደደው ታላቅ ስለሆነ ነው፤ ታላቅ የሆነውም ስለሚወደድ ነው። ጋውኪየቪች የሚባል አንድ ተማሪ ግን ተነስቶ ግጥሙ ልቡን እንዳልነካው ይናገራል። መምህሩ ይለምነዋል፤ ያስፈራራዋል። በመጨረሻ ከኪሱ የሚስቱንና የልጁን ፎቶግራፍ አውጥቶ ያሳየዋል፦ ተማሪው ካልተመሰጠ እንጀራው ሊቋረጥ ነው! መምህር የነበረ ሁሉ እዚህ ላይ ስቆ ሲያበቃ ትንሽ ዝም ይላል።

ቀጥሎ ሁለት ተማሪዎች በፊት መግለጫ ይዋጋሉ። ሲፎን የተባለው ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ የቅድስና ፊት ያሳያል፤ ሚየንቱስ የተባለው ደግሞ የሚቻለውን አስቀያሚ ፊት ሁሉ ይደረድራል። ሚየንቱስ ሲሸነፍ ጓደኞቹን ይዞ ሲፎንን ያስርና በጆሮው ጸያፍ ቃላት ያንቆረቁርበታል፤ ሲፎንም በኋላ ራሱን ይሰቅላል። እስከዚያ ድረስ ሲስቅ የነበረ አንባቢ ሳያውቀው ከገደል አፋፍ ደርሷል።

ፍጻሜው ገጠር ነው። ሚየንቱስ ከዩዚዮ ዘመዶች ርስት ደርሶ ቫሌክ ከሚባለው ወጣት አሽከር ጋር «ወንድማማች» ለመሆን ይቋምጣል፤ በጥፊ እንዲመታውም ይለምነዋል። አሽከር ጌታን በጥፊ ከመታ በኋላ ቤቱ እንደ ቤት አይቆምም።

«ፌርዲዱርኬ» ምን ማለት ነው?

ምንም ማለት አይደለም። ቃሉ በመጽሐፉ ውስጥ አንድም ቦታ አይገኝም፤ የትኛውም የፖላንድኛ መዝገበ ቃላት ቢገለጥ የለም። በመጽሐፉ ምክንያት ወደ ቋንቋው የገቡት ሁለት ሌሎች ቃላት ናቸው። አንደኛው «ፑፓ» ነው፤ እናት የሕፃን ልጇን መቀመጫ በቁልምጫ የምትጠራበት ቃል። አንድን ትልቅ ሰው በደግነትና በማባበል ወደ ሕፃንነት መመለስ ማለት «ፑፓ ማድረግ» ነው። ሁለተኛው «ጌምባ» ነው፤ ፊት ማለት ነው፣ ግን የስድብ ፊት፣ ሌሎች የሚለጥፉብን ፊት።

አማርኛችን ፊት «ይሰጣል»፣ ፊት «ይነሣል»። ለጎምብሮቪች ሁለቱም ያው ናቸው፦ ፊታችንን የሚሠራው የሚያየን ሰው ነው። ሰው አንዱን ጌምባ ቢሸሽ ሌላ ጌምባ ውስጥ ይገባል እንጂ ባዶ ፊት የሚባል ነገር የለም።

ለምን አርጀንቲና ቀረ? ከጦርነት ሸሽቶ ነው?

አይደለም፤ ሲሄድ ጦርነት አልነበረም። በ1939 «ኽሮብሪ» የተባለች አዲስ የፖላንድ መርከብ ወደ ደቡብ አሜሪካ የመጀመሪያ ጉዞዋን ስታደርግ ጥቂት ጸሐፊዎች እንዲሳፈሩ ተጋበዙ። ጎምብሮቪች ጁላይ 29 ቀን ከግዲኒያ ወደብ ተነሣ፤ በኦገስት የመጨረሻ ሳምንታት ቦነስ አይረስ ገባ። እቅዱ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ መመለስ ነበር። በሴፕቴምበር 1 ጀርመን ፖላንድን ወረረች።

መርከቢቱ ወደ አውሮፓ ስትመለስ እሱ ወርዶ ቀረ። ስፓኒሽ አያውቅም፤ በኪሱ የነበረው ሁለት መቶ ዶላር ያህል ነው። መርከቢቱ በሚቀጥለው ዓመት ሜይ ላይ በኖርዌይ ጠረፍ በጀርመን አውሮፕላን ተደብድባ ጠፋች። በስደት ያሉ ፖላንዶች ግን ለብዙ ዓመት «ከዳተኛ» አሉት። የሚገርመው ስሙን ለማጥራት አለመሞከሩ ነው፤ ይባስ ብሎ መውረዱን በልብ ወለድ አደረገውና በአገሩ ላይ እርግማን እያዘነበ የሚቀር ተራኪ ፈጠረ። የቆይታው ርዝመት ሃያ አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት የጎደለው ነው።

በቦነስ አይረስ በምን ይተዳደር ነበር?

መጀመሪያ በምንም። ከአንዱ ርካሽ ማደሪያ ወደ ሌላው እየተዛወረ፣ በብዕር ስም ለጋዜጣ እየጻፈ፣ ከስደተኛ ማኅበሩ እየተበደረ ኖረ። ርቦት በማያውቀው ሰው ለቅሶ ላይ እየተገኘ በልቶ ይመጣ እንደነበር ይወራል፤ ወሬው እውነት ይሁን አይሁን ለእሱ ይስማማዋል።

ከ1947 መጨረሻ እስከ 1955 በቦነስ አይረስ በነበረው የፖላንድ ባንክ ጸሐፊ ሆኖ ሠራ። ሥራውን ጠላው፤ «ትራንስ አትላንቲክ»ን ግን የጻፈው በአመዛኙ በባንኩ የሥራ ሰዓት ነው። ባንኩን ከለቀቀ በኋላ ከፓሪስ የሚመጣ አነስተኛ የጽሑፍ ክፍያና ወዳጆቹ የሚያዋጡለት ገንዘብ ነበረው። ቬኔዙዌላ በሚባለው መንገድ ላይ በአንዲት ጠባብ ክፍል ለዓመታት ኖሯል። አስም ነበረበት፤ የመጨረሻውንም ሕመሙን ያመጣው እሱ ነው።

ፖላንድኛ የማያውቁ ሰዎች «ፌርዲዱርኬ»ን ተረጎሙ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ከሕይወቱም የሚያስቀናኝ ምዕራፍ ይኸው ነው። በኮሪየንቴስ ጎዳና ላይ ሬክስ የሚባል ካፌ ነበር፤ ፎቁ የቼዝ አዳራሽ ነው። አዳራሹን ያስተዳድር የነበረው ፓውሊኖ ፍሪድማን ነው። እሱም ፖላንዳዊ የቼዝ ሊቅ ሲሆን በዚያው በ1939 ለቼዝ ኦሊምፒያድ ቦነስ አይረስ መጥቶ እንደ ጎምብሮቪች ጦርነቱ እዚያው ያስቀረው ሰው ነበር።

በ1946 ቪርሂሊዮ ፒኜራ የተባለ ወጣት ኩባዊ ደራሲ ቦነስ አይረስ ገባ፤ እሱም የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ነበር። ጎምብሮቪች በተሰባበረ ስፓኒሽ ገጽ በገጽ ተርጉሞ ያመጣል፤ ፒኜራ የሚመራው «የትርጉም ኮሚቴ» ደግሞ በካፌው ጠረጴዛ ዙሪያ ቃል በቃል ይከራከርበታል። ቼዝ ሊጫወት የመጣው ሁሉ አስተያየት ይሰጣል። ላልነበረ ቃል ያልነበረ ቃል ይፈጠርለታል። በ1947 መጽሐፉ ታተመ፤ ሊቃውንቱ ግን ብዙም ዘወር ብለው አላዩትም። በታዋቂው ደራሲ በቦርሄስ ዙሪያ የተሰበሰበው የአርጀንቲና ሥነ ጽሑፍ ለዚህ ድኻ «ኮንት» ቦታ አልነበረውም። (ኮንት ማለት የአውሮፓ ባላባቶች ማዕረግ ነው፤ ጎምብሮቪች ማዕረጉ የእኔ ነው እያለ የሰው ፊት ሲለዋወጥ ማየት ይወድ ነበር።)

«ትራንስ አትላንቲክ» ፖላንዶችን ያን ያህል ያስቆጣው ለምንድን ነው?

ጊዜውን እናስብ። አገሩ በጦርነት ፈርሷል፤ ከዚያም በሶቪየት ጥላ ሥር ወድቋል፤ ስደተኛው ያለው ነገር ቢኖር ክብሩ ነው። በዚህ መካከል ጎምብሮቪች «ጎምብሮቪች» የሚባል ተራኪ ያመጣል፤ ተራኪውም ከመርከብ ወርዶ ቀርቶ በአርጀንቲና ያለውን የፖላንድ ኤምባሲ ጉራ ያሾፍበታል። ኤምባሲው ጥንቸል የሌለበት አደን ያዘጋጃል። የክብር ፍልሚያ ይደረጋል፤ ሽጉጦቹ ግን ጥይት የላቸውም።

የታሪኩ እምብርት ግን ሌላ ነው። አንድ አሮጌ ፖላንዳዊ መኮንን አለ፤ ኢግናቲ የሚባል ቆንጆ ወንድ ልጁን ለውትድርና ሊልክ ነው። ጎንዛሎ የሚባል ሀብታም አርጀንቲናዊ፣ ወንድ የሚያፈቅር ወንድ፣ ልጁን ይመኘዋል። ተራኪው ከሁለቱ መካከል ይቆማል፦ ልጁ ለአባቱና ለአገሩ ይሰዋ ወይስ ወደማይታወቅ ነገር ይልቀቁት? ፖላንዶች አገራቸውን «ኦይቺዝና» ይሉታል፤ ከ«አባት» የወጣ ቃል ነው። ጎንዛሎ በእሱ ፋንታ «ሲንቺዝና» ይላል፤ ከ«ልጅ» የወጣ። እኛ እናት አገር እንደምንል አስቡና አንዱ ተነስቶ «ልጅ አገር ይሻላል» ቢል ምን እንደሚባል ገምቱ።

ቋንቋውም ቁጣውን አብሷል። መጽሐፉ የተጻፈው የአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ባላባቶች ያወጉበት በነበረው ጥንታዊ ፖላንድኛ ነው። በዜና መዋዕል አማርኛ ስለ አንድ የቦነስ አይረስ ቡና ቤትና ስለ ጎንዛሎ ውሻዎች ቢጻፍ ውጤቱ ወደዚያ ይጠጋል። ያሳተመው በፓሪስ አቅራቢያ «ኩልቱራ» የተሰኘውን መጽሔት ያዘጋጅ የነበረው ዬዢ ጌድሮይትስ ነው፤ በመጽሔቱ ሲወጣ የአንባቢ የቁጣ ደብዳቤ ጎረፈ። ጌድሮይትስ ግን አላፈገፈገም።

ማስታወሻውስ በምን ይለያል?

በአጀማመሩ ይታወቃል፦ «ሰኞ፦ እኔ። ማክሰኞ፦ እኔ። ረቡዕ፦ እኔ። ሐሙስ፦ እኔ።» ይህን የመሰለ መግቢያ በ1953 ለስደተኛ አንባቢ መስጠት ድፍረት ነው። ስለ እኛ፣ ስለ ሕዝባችን፣ ስለ መከራችን ብቻ በሚነገርበት ጉባኤ መካከል ተነስቶ «እኔ» እንደማለት ነው።

ማስታወሻው ለመሳቢያ የተጻፈ አይደለም፤ በየወሩ ማለት ይቻላል በ«ኩልቱራ» እየታተመ እስከ 1969 ቀጠለ። ይጣላል፣ ይዋሻል፣ ስለ ሙዚቃና ስለ ላሞች ይጽፋል። ግጥምን ይሳደባል፤ ባለቅኔዎችን ያስቆጣው ንግግሩ በ1947 የተደረገ ነው። በባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ በጀርባቸው የተገለበጡ ጢንዚዛዎችን አንድ በአንድ ሲያቃና ውሎ በመጨረሻ የተወበትን ቅጽበት የተረከበት ገጽ አለ፦ አንዱን አድኖ የሚቀጥለውን መተው ለምን ቻለ? ትልልቅ ቃላት ሳይጠቀም ስለ ምሕረት ልክ የጻፈው እዚያ ላይ ነው።

«ፖርኖግራፊያ» የብልግና መጽሐፍ ነው?

ርእሱን አይቶ የገዛ ሰው ገንዘቡን ከስሯል። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1943 በጀርመን በተያዘችው ፖላንድ ገጠር ነው። ሁለት የገፉ ሰዎች አንድ ወጣትና አንዲት ወጣት እንዲዋደዱ ይፈልጋሉ፤ ወጣቶቹ ግን እርስ በርስ ፍላጎት የላቸውም። ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ለማገናኘት እንደ ተውኔት አዘጋጅ ሲሠሩ መጨረሻው ደም ይሆናል። ገላ አይገለጥበትም፤ የሚገለጠው ትልልቆቹ የወጣቶቹን ወጣትነት የሚመኙበት ምኞት ነው።

ጎምብሮቪች በእርግጥ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ነበር?

ከወንዶችም ከሴቶችም ጋር ግንኙነት ነበረው፤ በአርጀንቲና ዘመኑ የወንዶቹ ያመዝናል። ይህ ዛሬ የሚያከራክር አይደለም፤ በገዛ እጁ ጽፎታል። የሚያከራክረው በሕይወት ሳለ ምን ያህሉን እንደተናገረና እንዴት እንደተናገረ ነው።

ቦነስ አይረስ ውስጥ ሬቲሮ የሚባል ሰፈር አለ፤ የባቡር ጣቢያው፣ ወደቡና እንግሊዞች በስጦታ የሠሩት የሰዓት ማማ ያሉበት። ማታ ማታ መርከበኞችና ወታደሮች ያመሹበት ነበር። ጎምብሮቪች በመጀመሪያዎቹ የስደት ዓመታት ወደዚያ ይመላለስ ነበር። በሚታተመው ማስታወሻው ይህን በ1950ዎቹ አጋማሽ ሲያወጣው ለዘመኑ አስደንጋጭ ግልጽነት ነበር፤ ግን በግማሽ ነው። እዚያ የሚስበኝ ወጣትነት ነው አለ፤ በልጅነቴ ከገጠመኝ አልፎ አልፎ ነገር በቀር የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ አልነበርኩም ሲልም ጨመረ። የመጀመሪያው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው እውነት አይደለም።

እንዲሸፍን ያስገደደው ሕጉ ብቻ አልነበረም። በፖላንድ የ1932ቱ የወንጀል ሕግ በአዋቂዎች መካከል የሚደረገውን የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ወንጀል መሆኑን አስቀርቶታል፤ በአርጀንቲናም የሚከለክል ብሔራዊ ሕግ አልነበረም። ነገር ግን የቦነስ አይረስ ፖሊስ በራሱ ደንብ ሰዎችን እያፈሰ ያስር ነበር፤ በ1942 የጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች ስም የተነሳበት ትልቅ ቅሌት ከተማዋን ካናወጠ በኋላ ደግሞ ባሰ። ወረቀቱ ያልተሟላ፣ ስፓኒሹ የተሰባበረ የውጭ አገር ሰው ከፖሊስ ጋር መገናኘት አይፈልግም። የስደተኛው ማኅበር ሐሜት ደግሞ ከፖሊስም ይከፋ ነበር።

«ክሮኖስ» የሚባለው ምንድን ነው?

ምስጢራዊው ማስታወሻ ነው። «እኔ፣ እኔ» የሚለው ለሕዝብ የተጻፈ ከሆነ «ክሮኖስ» ለራሱ ብቻ የተጻፈው ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ያለፈ ሕይወቱን ወር በወር ከትዝታ አሰባስቦ መመዝገብ ጀመረ፤ ከዚያም እስኪሞት ቀጠለበት። ቤቱ በእሳት ቢያያዝ «ክሮኖስ»ንና ውሎቹን ይዘሽ ሩጪ ብሎ ለሚስቱ ለሪታ እንደነገራት እሷ ተናግራለች። እሷም ከአርባ ዓመት በላይ ጠብቃ በ2013 በክራኮቭ እንዲታተም ፈቀደች።

ምን እንዳለበት ለማየት የጓጓ አንባቢ ዓረፍተ ነገር ፈልጎ ያጣል። ያለው እንደ ነጋዴ ደብተር ነው፦ ስንት ተቀበልኩ፣ ጥርሴን ታከምኩ፣ አስም ተነሣብኝ፣ ከማን ጋር እራት በላሁ፣ ከማን ጋር ተኛሁ። ስሞቹ በአህጽሮት ናቸው፤ የወንዶችም የሴቶችም። በየዓመቱ መጨረሻ ጤናን፣ ገንዘብን፣ ዝናንና ፍትወትን እየለየ ሒሳብ ይዘጋል። መጽሐፉ ሲወጣ ፖላንድ ውስጥ ገሚሱ በድርቀቱ ተናደደ፤ ገሚሱ በግልጽነቱ። እኔን የነካኝ ግን ጭንቀቱ ነው፤ ይህ ሁሉ እንደ ዋዛ ያልፋል ብሎ የፈራ ሰው ጽሑፍ ነው።

ሚስት አልነበረችውም እንዴ?

ነበረችው። በ1963 የፎርድ ፋውንዴሽን የአንድ ዓመት ድጋፍ ሰጥቶት ወደ ምዕራብ በርሊን ሄደ። ከአርጀንቲና በመርከብ ሲወጣ፣ በውቅያኖሱ መካከል ከዚያች ከ1939ኟ መርከብ ጋር እንደሚተላለፍ፣ በመርከቧም ላይ ያ ወጣቱ ጎምብሮቪች ወደ ቦነስ አይረስ ሲጓዝ እንደሚያየው እያሰበ ነበር። በርሊን ሲደርስ ቲየርጋርተን በሚባለው መናፈሻ የሣር፣ የውኃና የዛፍ ቅርፊት ሽታ ከአፍንጫው ገባ፤ የማዎሺትሴ ሽታ፣ የልጅነቱ። ፖላንድ እዚያው በአጠገቡ ነበረች። በዚያ ሽታ ውስጥ የተሰማው ናፍቆት ሳይሆን ሞት እንደሆነ ጽፏል። አገሩን ዳግም አልረገጠም።

በ1964 በፓሪስ አቅራቢያ ባለው የሮያሞን ገዳም ሪታ ላብሮስ የምትባል ካናዳዊት አገኘ፤ ለዶክትሬት ስለ ፈረንሳዊቷ ደራሲ ስለ ኮሌት ታጠና ነበር። አብረው በደቡብ ፈረንሳይ ቫንስ ከተማ ኖሩ፤ በዲሴምበር 1968 ተጋቡ፤ ጁላይ 24 ቀን 1969 አረፈ። ትዳሩ ለይምሰል ነበር የሚሉ አሉ። ሪታ ግን ለአሥርት ዓመታት በየአገሩ እየዞረች የሚያውቁትን ሰዎች ምስክርነት ሰብስባ ሁለት መጽሐፍ ያወጣች፣ «ክሮኖስ»ንም ሳትቆርጥ ያሳተመች ሴት ናት። ባሏ ማን እንደነበር ከማንም በላይ ታውቃለች።

በአገሩ መጽሐፎቹ ታግደው ነበር?

አዎ፣ በየጊዜው። ከጦርነቱ በኋላ ለዓመታት አልታተመም፤ የስታሊን ዘመን ሲላላ በ1957 «ፌርዲዱርኬ»ና ሌሎቹ ወጥተው ወዲያው አለቁ፤ ብዙም ሳይቆይ በሩ ተመልሶ ተዘጋ። እሱም በበኩሉ ማስታወሻው ሳይቆረጥ ካልታተመ ሌላውም አይታተም አለ። ማስታወሻው ፖላንድ ውስጥ በ1986 ሲወጣም የሳንሱር መቀስ ነክቶት ነበር።

የኮሚኒስቱ ዘመን ካለፈ በኋላም አላረፈም። ፓርላማው 2004ን የጎምብሮቪች ዓመት አለ፤ በ2007 ደግሞ ወግ አጥባቂው የትምህርት ሚኒስትር ሮማን ጌርቲኽ ከጎተ፣ ከዶስቶየቭስኪና ከካፍካ ጋር ከግዴታ ንባብ ዝርዝር ሊያወጣው ሞከረ። ተቃውሞው በረታ፤ ሚኒስትሩም በዚያው ዓመት ሥልጣኑን ለቀቀ። «ፌርዲዱርኬ» ዛሬ በፖላንድ ትምህርት ቤቶች ይነበባል። ያ ማለት እንግዲህ በግዴታ መመሰጥን ያላገጠው መጽሐፍ ራሱ በግዴታ ይመሰጡበታል፤ አንድ ጋውኪየቪች በየክፍሉ እንዳለ ተስፋ አደርጋለሁ።

ኖቤል ያልተሸለመው ለምንድን ነው?

በ1960ዎቹ መጨረሻ በዕጩነት ቀርቦ ነበር፤ ሳይሸለም ሞተ፤ ሽልማቱ ደግሞ ለሞተ አይሰጥም። «ኮስሞስ» ግን በ1967 ዓለም አቀፉን የአሳታሚዎች ሽልማት አግኝቷል።

በየትኛው መጽሐፍ ልጀምር?

መሳቅ ከፈለጉ በ«ፌርዲዱርኬ»፣ ማሰብ ከፈለጉ በማስታወሻው። «ትራንስ አትላንቲክ» በትርጉም ብዙ ይጎድልበታል፤ ጥሩ ተርጓሚ ከተገኘ ግን አይለፍዎ። «ኮስሞስ»ን ለመጨረሻ ያቆዩት፦ በሽቦ ከተሰቀለች ድንቢጥ ይጀምራል፤ ከዚያ ሁለት ወጣቶች በጣሪያ ላይ ካለ ስንጥቅ፣ ከአንዲት ሴት የከንፈር ጠባሳ፣ ከተንጠለጠለ እንጨት ትርጉም ሲለቅሙ አንባቢውንም አብረው ያሳብዳሉ።

ታዲያ «የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ደራሲ» ብሎ መጥራት ይገባል?

እሱን ቢጠይቁት «ይህም ጌምባ ነው» ባለ ነበር። ፖላንዳዊ፣ ባላባት፣ ስደተኛ፣ ሊቅ የሚሉትን መለያዎች ሁሉ የሸሸ ሰው ይህኛውን በደስታ አይለብሰውም። ጎንዛሎንም ተመልከቱ፦ በፍቅር የተሳለ ገጸ ባሕርይ አይደለም፤ ከንፈሩ የተቀባ፣ የሚያስቅና የሚያስፈራ ነው። የዛሬ አንባቢ በውስጡ ስድብ ቢያይ አይፈረድበትም።

በሌላ በኩል ዝምታውም ጌምባ ነበር። ተቺዎች ለብዙ ዓመት ሬቲሮን «የወጣትነት ፍልስፍና» እያሉ አለፉት፤ የሚየንቱስንና የቫሌክን ጥፊ የመደብ ትግል ብቻ አደረጉት። «ክሮኖስ» ከወጣ በኋላ እነዚያን ገጾች እንደ ድሮው ማንበብ አይቻልም። የእኔ ልማድ ይህ ነው፦ ስለ «ትራንስ አትላንቲክ»ና ስለ ሬቲሮ ሳወራ መለያውን ሳልሸፍን እጠራዋለሁ፤ ስለዚያች ስለተሰቀለችው ድንቢጥ ሳወራ ግን ትዝም አይለኝ።